የአንደበት ዋጋና የአደራ ሕግ፦ ሁለት ቋንቋ ስለሚናገሩ የሕፃናት ተንከባካቢዎች

በገዛ ቤቷ የሰው ልጆችን እየተቀበለች በክፍያ የምትጠብቅ ሴት አገልግሎቷን ስታስተዋውቅ፣ ሁለት ቋንቋ መናገሯን ከሙያ ብቃቶቿ አንዱ አድርጋ መጥቀሷ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ለሚያየው የንግድ ዘዴ ጥያቄ ብቻ ይመስላል፤ ሥሩ ግን በሃይማኖትና በፍልስፍና ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ሰው ያለ ዋጋ የተቀበለውን ነገር በዋጋ ሊሰጥ ይችላልን? ቋንቋ ደግሞ ሰው ያለ ዋጋ ከሚቀበላቸው ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ ማንም ሕፃን እናቱ ስላነጋገረችው ከፍሎ አያውቅም፣ ማንም እናትም ልጇን አፍ ስላስፈታች ሒሳብ አልጠየቀችም። ስለዚህ የሚፈለገው መልስ ማስታወቂያው ያዋጣል ወይም አያዋጣም የሚል ሳይሆን፣ በማስታወቂያው የሚቀርበው ነገር በትክክል ምን እንደ ሆነ፣ የሚሸጠውና የማይሸጠውም የት ላይ እንደሚለያዩ የሚያሳይ ነው።

ጉዳዩ በተለይ የሚነሣው አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት በሰፈሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች፣ ማለትም በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአጎራባቾቹ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ እንዲሁም በሲያትል ነው። በእነዚህ ቦታዎች የቤት ውስጥ የሕፃናት ማቆያ፣ በተለምዶ አጠራሩ የቤት ዴይኬር፣ አንዲት ተንከባካቢ ፈቃድ አውጥታ በመኖሪያ ቤቷ የምታካሂደው ሥራ ሲሆን የልጆቹም ቁጥር በደንብ የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ በሜሪላንድ እንዲህ ያለ ቤት በአንድ ጊዜ እስከ 8 ልጆች ይይዛል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ሴቶች በዚህ ሥራ ይተዳደራሉ። ደንበኞቻቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኞቹ በሆስፒታል፣ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ በፈረቃ የሚሠሩ፣ ልጃቸው አገር ቤት ካሉት አያቶቹ ጋር በስልክ መነጋገር እንዲችል አማርኛን የሚሹ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ከአማርኛ ጋር ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው ልጃቸው ከጨቅላነቱ ሌላ ቋንቋ መስማቱን እንደ ጥቅም የሚቆጥሩ ቤተሰቦች ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ቋንቋው ርስት፣ ለሁለተኞቹ ትምህርት ነው፤ ማስታወቂያው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑም፣ አማርኛን መናገር በዚያ ከተማ ከጓዳ ወጥቶ በአደባባይ የሚጠቀስ ችሎታ ሆኗል።

ለአማርኛ አንባቢ የቀረበው ተቃውሞ ከአብነት ትምህርት ቤት ይነሣል። አብነት ትምህርት ቤት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንባብን፣ ዜማን፣ ቅኔንና የመጻሕፍት ትርጓሜን የምታስተምርበት ጥንታዊ ሥርዓት ሲሆን፣ በከፍተኛዎቹ ጉባኤያት መምህሩ ከተማሪው የትምህርት ዋጋ አይቀበልም፤ ተማሪውም ከወላጆቹ ርቆ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። በዚህ ልማድ የታነጸ ሕሊና ዕውቀት በዋጋ ሲቀርብ ማየት ይከብደዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተነገረው የሲሞን መሠርይ ታሪክም ይህንኑ ስሜት ያጠነክራል፤ ሲሞን ሐዋርያት እጃቸውን በመጫን የሚሰጡትን የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊያገኝ ቢሞክር በጴጥሮስ ተገሥጿል። የልሳን ስጦታ ከዚያው መንፈስ በበዓለ ጰራቅሊጦስ እንደ ወረደ የሚያምን ሰው ልሳንን በማስታወቂያ ማውጣት ለሲሞን ሥራ የቀረበ ሊመስለው ይችላል። በግሪክም ሶቅራጥስ ስለ ምልልሱ ክፍያ አለመቀበሉን እንደ ክብር ሲቆጥር፣ ሶፊስቶች የሚባሉት ተዘዋዋሪ መምህራን በዋጋ ማስተማራቸው ያስነቅፋቸው ነበር።

ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። የጉባኤ መምህሩ ዋጋ የማይቀበለው ድርጎውና ምእመናኑ ስለሚያኖሩት ነው፤ ደሞዝ የሌለበት ልግስና ሁሉ ከበስተጀርባው የሚሸከመው ሰው አለ። በሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ኪራይ የምትከፍል ተንከባካቢ ድርጎ የሚያወጣላት ደብር፣ እህል የሚሰፍርላትም መንደር የላትም። የሲሞን ጥፋትም የሥራን ዋጋ መቀበሉ አልነበረም፤ በማንም እጅ የሌለውን፣ የእግዚአብሔር ብቻ የሆነውን ሥልጣን ንብረት ሊያደርግ መሞከሩ ነበር። እንግዲህ በጥንቃቄ መለየት ያለበት ተንከባካቢዋ የምታቀርበው ነገር የገዛ ሥራዋ ነው ወይስ ከእጇ በላይ የሆነ ነገር ነው የሚለው ነው።

ከሶፊስቶቹ የበላይ የነበረው ፕሮታጎራስ፣ ፕላቶን በስሙ በሰየመው ምልልስ ውስጥ፣ ለዚህ ጉዳይ እጅግ የሚቀርቡ ሁለት ነገሮች ሲናገር ይገኛል። አንደኛው፣ የግሪክ ቋንቋ መምህር ማን ነው ተብሎ ቢፈለግ አንድም ሰው ለይቶ ማመልከት እንደማይቻል፣ ምክንያቱም ቋንቋን ሁሉም ሰው ለሁሉም ስለሚያስተምር መሆኑን ነው። ሁለተኛው ስለ ክፍያው ነው፤ የተጠየቀውን መክፈል ያልወደደ ተማሪ ወደ ቤተ መቅደስ ሄዶ ትምህርቱ ምን ያህል እንደሚያወጣ በመሐላ እንዲናገርና ያንኑ እንዲከፍል ይፈቅድለታል። የመጀመሪያው አስተያየት በአገሩ ላይ ለሚያድግ ልጅ እውነት ነው፤ ጎንደር ወይም ደሴ የሚያድግ ልጅ ከጎረቤት፣ ከባለ ሱቅ፣ ከእኩዮቹ፣ ከአያቱ፣ ደጃፍ ላይ ከሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ አማርኛን ይሰማል፤ ስለዚህ መምህሩ ይህ ነው አይባልም። በሲያትል የሚያድገው ልጅ ግን ያ ሁሉ ሰው በዙሪያው የለም። ቀድሞ አንድ ሙሉ መንደር ሳያውቀው ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን አንዲት ሴት አውቃና አስባ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ብቻዋን ትሠራዋለች። ሳይታወቅ ሲሰጥ ዋጋ ያልነበረው ነገር ታውቆ፣ ተወስኖና በድካም ሲሠራ ሥራ ይሆናል፤ ለሥራ ደግሞ ደሞዝ ይገባል። የተቃውሞው መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ልጅን በደሞዝ መንከባከብን አይነቅፉም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 2 የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ሙሴን ከወንዝ ዳር አግኝታ የምታጠባው ሴት ባስፈለገች ጊዜ፣ እኅቱ የጠራችላት የገዛ እናቱን ነበር፤ ልዕልቲቱም ልጁን ወስዳ እንድታጠባው ደሞዝ ቆረጠችላት። ያቺ እናት ከማንኛውም ገንዘብ የሚበልጥ ምክንያት ነበራት፤ ሆኖም ፍቅሯ ደሞዙን ሐሰት አላደረገውም፣ ደሞዙም ፍቅሯን አላረከሰውም፣ መጽሐፉም ነገሩን እንደ ነውር አይተርከውም። በቤተ መንግሥት አድጎ ወገኖቹን ለይቶ ያወቀው ሙሴ፣ ያን ዕውቀት ከዚያ በደሞዝ ከተያዘ የሕፃንነት ዘመን ጀምሮ እንደ ያዘው መገመት አይከብድም። በእስልምናም ቁርኣን በጦላቅ ምዕራፍ ለፈታት ባሏ ልጅ ለምታጠባ እናት ክፍያዋ እንዲሰጣት ያዝዛል፤ በሩም ምዕራፍ ደግሞ የልሳኖችን መለያየት ከአላህ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል። የነቢዩ ሙሐመድን ሕይወት የተረኩ ጸሐፊዎች፣ ሕፃኑ ከመካ ወጥቶ በበኑ ሰዕድ ጎሣ ዘንድ በሐሊማ እጅ እንዳደገ፣ የመካ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ለበረሓ አጥቢዎች ይሰጡ የነበረው ለአየሩ ጤናማነትና ለዐረብኛው ጥራት ሲሉ እንደ ሆነ ይናገራሉ። እናቱ ካረፈች በኋላ የተንከባከበችው በረካ፣ በኋላ ኡሙ አይመን የተባለችው፣ በትውፊቱ ሐበሻዊት ናት። ለልጁ ንጹሕ አንደበት ሲባል ለሞግዚት መክፈል፣ እንግዲህ፣ የስደት ዘመን የፈጠረው አዲስ ነገር አይደለም።

የሚሸጠውን ከማይሸጠው ለመለየት ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር ድርሰቱ ያስቀመጠው ክፍፍል ይረዳል። ካንት ዋጋንና ክብርን ይለያል፤ ዋጋ ያለው ነገር በሌላ አቻ ሊተካ የሚችል ሲሆን፣ ክብር ያለው ግን ምትክ የሌለው ነው። በሥራ ላይ የሚታይ ችሎታና ትጋት የገበያ ዋጋ እንዳላቸው፣ ለገቡት ቃል መታመንና ከመርህ የመነጨ በጎ ፈቃድ ግን ክብር እንዳላቸው በግልጽ ይጽፋል። በዚህ መሠረት የተንከባካቢዋ የአማርኛ ንግግር፣ ያውም ትዕግሥት የተሞላበት፣ በየሰዓቱ የሚደጋገም፣ ለሕፃን ጆሮ የተመጠነ ንግግር፣ ችሎታና ትጋት ነውና የገበያ ዋጋ አለው። ቃሏን መጠበቋ ግን በዋጋው ውስጥ የለም፤ ቃሏ የማይታመን ከሆነ ማንም በገንዘብ ሊጨምርላት አይችልም። ማስታወቂያ እነዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በመሆኑ ከተራ የንግድ ጽሑፍ በላይ ነው፤ ወላጅ ያነበበውን አምኖ ልጁን በሯ ላይ አስረክቦ የሚሄድበት ቃል ነውና። በኢትዮጵያ ልማድ ይህ ግንኙነት አደራ ይባላል፤ አደራ ማለት አንድ ሰው የእርሱ ያልሆነውን ነገር እንዳለ ጠብቆ ለባለቤቱ ለመመለስ የሚገባው ግዴታ ሲሆን፣ አደራውን የበላ ሰው በሰው ፊት ብቻ ሳይሆን በፈጣሪ ፊትም የሚጠየቅበት ነው። ልጅ ደግሞ እንደ ዕቃ ባለበት አይቆይም፤ በአደራ ላይ ሳለ ያድጋል፣ የሚሰማውንም ሁሉ ይዞ ይመለሳል።

ቋንቋ ወደ ሕፃን የሚገባበት መንገድ ቃሉ ምን ላይ መሰጠት እንዳለበት ያሳያል። የቤተ ክርስቲያን ሊቁ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ላቲንን ያለ ፍርሃትና ያለ ሥቃይ፣ በሞግዚቶች ማባበልና በሰዎች ሣቅና ጨዋታ መካከል እንደ ተማረ፣ ግሪክኛን ግን በቅጣት ማስፈራሪያ ሲማር እንደ መረረው ይጽፋል። በዘመናችን ይህን አስተያየት በመለኪያ የፈተነችው በሲያትል የምትገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩል ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ የ9 ወር ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ማንዳሪን ቻይንኛ ከሚናገር ሰው ጋር በአካል ሲጫወቱ የዚያን ቋንቋ ድምፆች መለየትን ሲማሩ፣ ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን ያዩት ወይም በድምፅ ብቻ የሰሙት ግን ምንም እንዳልተማሩ ታይቷል። ቋንቋው የገባው በሰውየው በኩል ነው። ስለዚህም የአማርኛ መዝሙር በስክሪን ከፍታ ልጆቹን ፊቱ የምታስቀምጥ ተንከባካቢ፣ ድምፁ አማርኛ ቢሆንም፣ በማስታወቂያዋ የገባችውን ቃል አልፈጸመችም።

ከዚህ የሚከተለው ተንከባካቢዋ ልትሸጥ የምትችለው የገዛ ንግግሯን እንጂ የልጁን አንደበት አይደለም የሚለው ነው። የልጁ አንደበት የልጁ ነው፤ ምን ያህል እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚናገር፣ ጨርሶ መናገርን ይመርጥ እንደ ሆነም፣ የወላጆቹ፣ የቤቱ፣ የእኩዮቹና የራሱ ጠባይ ድርሻ አለበት፤ ብዙ ልጆችም የሚሰሙትን ሁሉ እየተረዱ በእንግሊዝኛ ብቻ ይመልሳሉ። «ልጅዎ በአንድ ዓመት አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል» የሚል ማስታወቂያ በእጅ የሌለን ነገር ያቀርባል፤ የሲሞንን ስሕተት በትንሹ የሚመስለውም ይህ ነው። «ከልጅዎ ጋር በምግብ ሰዓት፣ በጨዋታና በማስተኛት ጊዜ አማርኛ እናገራለሁ፤ መጽሐፍ የማነብለት በእንግሊዝኛ ነው» የሚለው ግን ተናጋሪዋ ልትፈጽመው የምትችለው፣ ወላጅም ደጋግሞ ሊያረጋግጠው የሚችል ቃል ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያ ደንበኛ በመሳብ ረገድ ከመጀመሪያው ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ የሕፃናት ማቆያ የሚኖረው ግን ወላጅ ለወላጅ በሚያወራው ነውና ውሎ አድሮ የሚያስከብራት ይኸው ነው።

የአእምሮ ብልጫ ተስፋም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደነዝዛል የሚል አስተያየት ተስፋፍቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በሞንትሪያል ያጠኗቸው ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በፈተናዎቹ ብልጫ ማሳየታቸው ነፋሱን አዞረው። በኋላም ኤለን ቢያሊስቶክና ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለት ቋንቋ ትኩረትን የመቆጣጠር ኃይልን ያጎለብታል የሚል ማስረጃ አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ ወዲህ ግን በርካታ ጥናቶች ይህን ብልጫ ደግመው ሊያገኙት አልቻሉም፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ስለዚህ አማርኛ ልጅን ብልህ ያደርጋል ብሎ መጻፍ ያልተረጋገጠን ነገር ማረጋገጥ ነው። ከዚህም በላይ ለቋንቋው ለራሱ ክብር አይሆንም፤ አያቱን ለማናገር የሚያበቃ ቋንቋ፣ ሌላ ጥቅም ካልተገኘለት አይፈለግም እንደ ማለት ይሆናልና።

አንዳንድ ተንከባካቢዎች በተቃራኒው አማርኛቸውን ይደብቃሉ። እንግሊዝኛቸው እንዳይናቅ በመስጋት፣ ወላጅ ፊት ብቻ ሳይሆን ከልጁም ጋር ቀኑን ሙሉ በተበጣጠሰ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያኖስ የሞግዚቶች አነጋገር የተስተካከለ እንዲሆን አጥብቆ መክሯል፤ ልጅ መጀመሪያ የሚሰማው የእነርሱን ድምፅ ነውና፤ ፈላስፋው ክሪሲጶስም ቢቻል ሞግዚቶች ፈላስፎች ቢሆኑ ይመኝ እንደ ነበር ይጠቅሳል። ይህ ምክር ለስደተኛዋ ተንከባካቢ ሲተረጎም ልጁን በጎደለው ቋንቋዋ ሳይሆን በሞላው ቋንቋዋ ታናግረው ማለት ነው። በአማርኛዋ ተረት ታውቃለች፣ እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፣ እሹሩሩ ትላለች፣ ትቆጣለች፣ ታባብላለች፣ ነገሮችን በስማቸው ትጠራለች፤ በእንግሊዝኛዋ ምናልባት ትእዛዝ ብቻ ትሰጥ ይሆናል። አማርኛዋን በማስታወቂያዋ ላይ በግልጽ ማውጣቷ ለዚህ ነፃነት ይሰጣታልና ከገበያም ባሻገር መልካም ነው፤ የደበቀችው ሴት የሙያዋን ትልቁን ክፍል ደብቃለች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቋንቋው ብቻውን አለመምጣቱ ነው። የአማርኛ የየዕለት ሰላምታ በእግዚአብሔር ስም የተሞላ ነው፤ እንዴት አደርክ ለተባለ ሰው መልሱ እግዚአብሔር ይመስገን ነው፣ ሙስሊሙም አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ለአመሰገነ ሰው፣ ላስነጠሰው፣ ለታመመው፣ ለሄደው፣ ለመጣው ሁሉ የሚባለው ምርቃት ነው። ሕፃኑ ከመብላቱ በፊት ስመ ሥላሴ ሲጠራ ወይም ቢስሚላህ ሲባል ይሰማል። ወላጆቹ የሌላ እምነት ተከታዮች ወይም እምነት የሌላቸው ቢሆኑ፣ አማርኛን ሲጠይቁ ይህንንም ጠይቀዋልን? በአንድ በኩል ምርቃቱን አውልቆ የሚቀረው አማርኛ ማንም የማይናገረው አማርኛ ነው፤ ስለዚህ ተንከባካቢዋ በገዛ ቋንቋዋ እንደ እንግዳ እንድትናገር መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም። በሌላ በኩል የልጁ የእምነት መንገድ የወላጆቹ አደራ እንጂ የእርሷ አይደለም፤ ሳያውቁ በልጃቸው አፍ ጸሎት ማኖር፣ በበጎ ልብ ቢሆንም፣ አደራ መብላት ነው። የሚያስታርቃቸው በቋንቋው ውስጥ ያለን ምርቃትና ሆን ብሎ የሚሰጥን የእምነት ትምህርት ለይቶ፣ የመጀመሪያው እንደሚኖር ሁለተኛው ግን ያለ ፈቃድ እንደማይደረግ አስቀድሞ ለወላጅ መንገር ነው። የረቡዕና የዓርብ ጾም በቤቱ የሚጠበቅ ከሆነም በምግቡ በኩል ልጁን ስለሚነካ ከዚሁ ጋር መነገር አለበት። እንዲህ ያለ ግልጽነት አንዳንድ ደንበኛ ያስቀር ይሆናል፤ የሚቀረው ግን ቢመጣ ኖሮ ተታሎ የሚመጣ ነበር።

አክብሮትም እንደዚሁ በቋንቋው ውስጥ ይገባል። አማርኛ የሚማር ልጅ ለታላቅ ሰው እርስዎ ማለትን፣ ተንከባካቢዋንም በስሟ ከመጥራት ይልቅ እትዬ ወይም እማማ ማለትን ይማራል። ይህ ብዙ ወላጅ ደስ የሚለው ነገር በመሆኑ በማስታወቂያ ላይ ቢጠቀስ ነውር የለውም።

ለቋንቋው ተለይቶ ዋጋ መጨመር ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሁለቱ ዓይነት ደንበኞች ልዩነት ጋር ይያያዛል። በአማርኛ ምክንያት ተጨማሪ ክፍያ የምትጠይቅ ተንከባካቢ፣ ለትምህርት ሲል ከመጣው ቤተሰብ የተጨማሪ ድካሟን ዋጋ ትጠይቃለችና አትበድልም። ከፈረቃ ወጥቶ ልጁን ከሚወስደው የአገሯ ልጅ ግን፣ ለገዛ ልጁ የገዛ ርስቱን ስለሰጠችለት ጭማሪ መጠየቅ ይከብዳል፤ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመሩት ኮሃንጋ ሬኦ የተባለው የሕፃናት ማቆያ፣ አረጋውያን ቋንቋቸውን ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉበት የማኅበረሰብ ሥራ ሆኖ መመሠረቱ እንዲህ ያለውን ነገር ለገበያ ብቻ መተው እንደማይቻል ያሳያል። የፕሮታጎራስ መሐላ እዚህ ላይ ጥሩ መለኪያ ይሆናል፤ ተንከባካቢዋና ወላጁ እያንዳንዳቸው በሚያምኑበት ፊት ቆመው ሥራው የሚያወጣውን ቢናገሩ፣ የሚጠሩት ዋጋ ያን ያህል ባልተራራቀ ነበር።

በመጨረሻም የጊዜው ገደብ አለ። ልጁ በ5 ዓመቱ ገደማ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ይገባል፤ እዚያ ቋንቋው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ደ ሞንቴኝ እ.ኤ.አ. በ1533 ከተወለደ በኋላ አባቱ ፈረንሳይኛ ለማያውቅ ጀርመናዊ መምህር ሰጥቶት፣ የቤቱም ሰዎች ሁሉ በላቲን ብቻ እንዲያናግሩት አዝዞ፣ ላቲንን አፍ መፍቻው አድርጎት ነበር፤ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ግን ላቲኑ እየተበላሸ እንደ ሄደና በኋላም የመናገር ልማዱን እንዳጣ ራሱ ይመሰክራል። በሞንትሪያል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ ከቻይና በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ ተወስደው ቻይንኛን ፈጽሞ የረሱ ልጆች፣ አእምሯቸው ለዚያ ቋንቋ ድምፆች አሁንም ቻይንኛ እንደሚናገር ሰው ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ስለዚህ የሚጠፋውና የሚቀረው በማንም ሒሳብ የሚያዝ አይደለም። ተንከባካቢዋ ልጁ ከቤቷ ሲወጣ አማርኛውን የማስቀጠል ሥራ ወደ ወላጆቹ እንደሚያልፍ፣ የእሑድ ሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ የቅዳሜ የቋንቋ ክፍል ወይም የቤት ውስጥ ንግግር ካልተከተለው እንደሚሳሳ፣ በመጀመሪያው ቀን ውል ሲፈርሙ ብትነግራቸው ይገባል፤ በውሉም ላይ ስለ ቋንቋው የምትጽፈው በእርሷ ዘንድ ስለሚያሳልፋቸው ሰዓታት ብቻ ሊሆን ይገባል።